የብራና ተማሪ ወጪ

«ስኮላርሺፕ አገኘ» ሲባል በሰፈራችን የሚሰማው «ውጭ አገር ሊሄድ ነው» ተብሎ ነው፤ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል የሚጠይቅ ብዙ የለም። በፊሎሎጂ (በጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት) የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሆኜ ባሳለፍኳቸው ዓመታት የተረዳሁት ግን ስኮላርሺፕ እንደ ቋንቋና ታሪክ ላሉት የሂዩማኒቲስ ትምህርቶች ተማሪ ከትምህርት ክፍያው ይልቅ ጊዜና መንገድ መግዣ መሆኑን ነው።

በአገራችን ዶክትሬት ከሚማሩት ብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ቀጣሪያቸው ይልካቸዋል፤ ደመወዛቸው አይቋረጥም፤ እነርሱም ተመልሰው የተወሰኑ ዓመታት ለማገልገል ውል ይፈርማሉ። የዕለት ኑሮው በዚህ ተሸፈነ እንበል። የሚያስጨንቀው የምርምር ወጪው ነው። የኬሚስትሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ አማካሪው ባመጣው ፕሮጀክት ውስጥ ስለሚገባ መሣሪያውም ኬሚካሉም ከዚያው ይወጣለታል፤ የግእዝ ድርሳን የሚያጠናው ግን ብቻውን ስለሚሠራ በስሙ የመጣ ገንዘብ ከሌለ ከኪሱ ያወጣል። 70 በመቶውን ቦታ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ይሰጥ የነበረው፣ 70 ለ30 የተባለው የተማሪዎች ምደባ የመጀመሪያ ዲግሪን የሚመለከት ቢሆንም፣ ማኅበራዊ ሳይንስና ሂዩማኒቲስ 30ውን በመቶ በጋራ እንዲካፈሉ ማድረጉ፣ የእኛ ትምህርት ክፍሎች በወረፋው የት እንደቆሙ የሚያሳይ ይመስለኛል።

አንድን ድርሳን በወጉ ለማዘጋጀት ቅጂዎቹን አግኝቶ ቃል በቃል ማስተያየት ግድ ነው። አንዱ ቅጂ ጎጃም ውስጥ በአንድ ገዳም ዕቃ ቤት ይገኛል፤ ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ማጻፍ፣ በአውቶቡስ መሳፈር፣ መኪና ከማይገባበት በእግር ወይም በበቅሎ መጓዝ፣ ቁልፍ ያዡ ለለቅሶ ወጥተው ከሆነም ሦስት ቀን መጠበቅ አለ። ሌላው ቅጂ ለንደን ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከወሰዳቸው ብራናዎች ወደ 350 የሚሆኑት ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ በዲጂታል ያልተነሣውን ለማየት የሚሻ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ቪዛ ያስፈልገዋል፣ ለቪዛውም የባንክ ሒሳቡን እንዲያሳይ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት፣ ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ የተቀመጠውና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለረጅም ዓመታት ካታሎግ ያዘጋጁላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ባይኖሩ ኖሮ ብዙዎቻችን ርእስ እንኳ መምረጥ አንችልም ነበር። ሆኖም ፊልሙ የብራናውን አጣጣፍና የቀለሙን ልዩነት በሚገባ ስለማያሳይ መንገዱ አይቀርም።

ለዚህ ነው ትንንሾቹን ድጋፎች የማልንቃቸው። ዳካር የሚገኘው የአፍሪካ ማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት (ኮዴስሪያ) ለመመረቂያ ጽሑፍ ማዘጋጃ ሲሰጥ የኖረው ዓይነት አነስተኛ ገንዘብ ለአውቶቡስና ለማደሪያ፣ ለካሜራ ባትሪና ለመንገድ መሪው ዲያቆን ይበቃል፤ አመልካቹ እነዚህን በበጀቱ አንድ በአንድ ቢጽፋቸው ሊያፍር አይገባም።

ትልልቆቹ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት (ዳአድ) ለዶክትሬት ተማሪ ወርሃዊ አበል፣ የጤና መድንና የጉዞ ወጪ ይሰጣል፤ የጀርመንኛ ኮርስም የሚያካትትበት ጊዜ አለ። ኮርሱ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ጀርመናዊው የግእዝ ምሁር አውጉስት ዲልማን የግእዝ ሰዋስው የጻፈው በጀርመንኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1865 የታተመው መዝገበ ቃላቱም ግእዙን የሚፈታው በላቲን ነው። የራሳችንን ጥንታዊ ቋንቋ በጥልቀት ለማጥናት የሁለት ባዕድ ቋንቋዎች ደጅ መጥናታችን ያስቆጨኛል፤ የቋንቋውን ኮርስ የሚከፍል ሲገኝ ግን ሳያመነቱ መግባት ነው።

ጊዜን በተመለከተ ግን አብዛኞቹ ስኮላርሺፖች በሦስት ወይም በአራት ዓመት ያበቃሉ፤ ብራና ደግሞ ይህን የጊዜ ሰሌዳ አያውቅም። እኔም ሥራዬን አጋምሼ ሳለሁ ከዚህ በፊት ያልታወቀ ቅጂ ተገኘና ሁለት ምዕራፍ እንደገና ጻፍሁ፤ በዚህ መካከል አበሉ አለቀ። የመጨረሻውን ምዕራፍ የጻፍሁት ወደ ማስተማር ሥራዬ ተመልሼ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው፤ አበል እያገኘሁ ቢሆን ሁለት ወር ይበቃዋል ያልሁት ሥራ አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀ።