ዘበኛው ኮሚቴ ጋ አይደውልም

ኮዬ ፈጬ ከገባን ወዲህ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የማየው የላፕቶፔን ቻርጅ ነው። ትናንት ማታ 40 በመቶ ነበር። ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። የስልኬ ዳታ ይንፏቀቃል። የሚገርመው፣ ስሠራ ያመሸሁት ነገር ራሱ መስመር ሲጠፋ እንዳይቆም ነበር።

ጌትዌያችን፣ ማለትም ሲስተማችን በር ላይ የቆመው ፕሮግራም፣ እስካሁን አንድ ሪኩዌስት (ጥያቄ) በመጣ ቁጥር ቶክኑን፣ ማለትም የተጠቃሚውን ዲጂታል መግቢያ ካርድ፣ ይዞ ወደ ሰጪው ሰርቨር ይሮጥ ነበር። «ይሄ ደህና ነው?» «ደህና ነው።» አንድ ገጽ ሲከፈት 11 ሪኩዌስት ካለ፣ 11 ጊዜ ይጠይቃል። ያ ሰርቨር ከተኛ ሁሉም ይተኛል።

ቶክናችን ግን ጄደብሊውቲ (JWT) የሚባለው ዓይነት ነው። ማን እንደሰጠው፣ ለየትኛው አገልግሎት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያበቃ እላዩ ላይ ተጽፏል። የሰጪው ፊርማም አለበት። የሰጪው ፐብሊክ ኪ (ፊርማ ማረጋገጫው ይፋዊ ቁልፍ) እጁ ላይ ካለ ጌትዌዩ ማንንም ሳይጠይቅ ፊርማውን ያረጋግጣል። የብሎካችን ዘበኛ እንዲሁ ነው። አዲስ የገባን ሰሞን ኮሚቴው የሰጠኝን ካርድ ተቀበለኝ። ማህተሙን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገ። ቀኑን ወደ አምፖሉ ጠጋ አድርጎ አየ። «ግባ ልጄ» አለኝ። ኮሚቴ ጋ አልደወለም። ቢደውልስ ማን ያነሳለታል?

ማስተካከያው ብዙም አላደከመኝ። መሞከሪያ ማሽኔ ላይ የቁልፎቹን ፋይል አጠገቡ አስቀመጥኩለት፤ ዋናው ሰርቨር ላይ ግን በየጊዜው ራሱ ያመጣል፣ ቁልፍ ይቀየራላ። ከአርኤስ 256 ውጪ ሌላ ዓይነት ፊርማ እንዳይቀበል አሰርኩት። ዓይነቱን ቶክኑ ራሱ እንዲናገር ከተውከው «እኔ ፊርማ አያስፈልገኝም» የሚል ይመጣብሃል። ኦዲየንሱን፣ ማለትም ቶክኑ ለየትኛው አገልግሎት እንደተሰጠ ማየቱን፣ ረስቼው ነበር። ለሪፖርት የተሰጠ ቶክን ይዤ ክፍያውን ብሞክር ዘው! ብቻዬን ደነገጥኩ።

መብራት የሄደው ይህን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ ነው። መሞከሪያዬ ጠረጴዛ ስር ያለ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መብራት መጣ፣ ኢንተርኔቱ ግን አልመጣም። ከላፕቶፔ በስልክ ዳታ አዲስ ቶክን ወስጄ ላክሁ። 401። «አላስገባም» ማለት ነው። ደግሜ ላክሁ። 401። ቁልፉን አየሁ፣ ፊርማውን አየሁ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈተግሁ። ሎጉን (ጌትዌዩ የሚጽፈውን መዝገብ) ረጋ ብዬ ሳነበው «ቶክኑ ገና አልጀመረም» ይላል። እንዴት ገና?

የማሽኑን ቀን ጠየቅሁ። በፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ነኝ አለኝ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባትሪ ሞታለች። ኢንተርኔት ስለሌለም ሰዓቱን የሚያስተካክልለት አጣ። የጄደብሊውቲ ስታንዳርድ የወጣው በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ነው። ገና ያልተወለደ ነገር እንዲመረምርልኝ ነበር የምለምነው።

ሳቄ ብዙም አልቆየ። ቶክኑ ላይ የመነሻ ሰዓት ባይኖርና ማብቂያውን ብቻ ቢያይ ኖሮ፣ ያ ማሽን ጊዜው ያለፈበትን ሁሉ እየሳቀ ያስገባ ነበር። ድሮ ሌላውን ይጠይቅ ስለነበር የራሱ ሰዓት ቢሳሳትም አይጎዳንም ነበር። አሁን ግን ዳኛው እሱ ነው። 60 ሴኮንድ ይቅርታ ሰጠሁት፣ ጥቂት ለሚዛነፍ ሰዓት። ለአስር ዓመት ይቅርታ የለም።

ጠዋት የሥራ ባልደረባዬ ደወለ። «አንድ ሰው ብናግድስ? ጌትዌዩ በምን ያውቃል?» አለኝ። አያውቅም። ከብሎካችን ቤት ለቅቆ የሄደ አንድ ተከራይ በቀደም ካርዱ ስላላለቀ ብቻ ማታ ተመልሶ ገብቶ፣ ከጎረቤት የተጣላበትን ጀሪካን አንጠልጥሎ ወጥቷል። ዘበኛው ምን ያድርግ? ማህተሙ ደህና ነው። የቶክኑን ዕድሜ ከ1 ሰዓት ወደ 5 ደቂቃ አወረድነው። ክፍያ ላይ ግን እንደ ድሮው ሰርቨሩን ይጠይቅ አልኩ። ትንሽ ተከራከርን። ቢዘገይም ይዘግይ፤ ገንዘብ ነው።

ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ ወርጄ አንድ ሰዓት ሠሪ ጋ ክቧን 2032 ባትሪ ገዛሁ።

«ሰዓቱን አምጣው፣ እኔው ልግጠምልህ» አለኝ።

ጠረጴዛ ስር ነው ብዬ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት።