ለመድኃኒት መጠን ፍለጋ ዲዛይን የመረጥኩበት መንገድ

ለአዲስ የካንሰር መድኃኒት የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ዲዛይን ምረጪ ስባል ሲሙሌሽኑን (ሙከራውን በኮምፒውተር ማስመሰሉን) ትቼ መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝኩ። ለማንም ስታቲስቲሺያን የምመክረው ይህንኑ ነው።

የምንፈልገው ታካሚዎች ሊቋቋሙት የሚችሉትን ከፍተኛ መጠን ነበር፤ ይኸውም ከ100 ታካሚዎች 30 ያህሉን ለከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የሚያጋልጠውን። የተለመደው ዲዛይን፣ «ሦስት ሲደመር ሦስት»፣ ሕጉ አጭር ነው፦ ከሦስት ታካሚ አንድም ካልተጎዳ መጠኑ ከፍ ይላል፣ አንድ ከተጎዳ ሦስት ሰው ይጨመራል፣ ሁለት ሰው ከተጎዳ መጠኑ መጨመሩ ያቆማል። የጉዳት ዕድላቸው 5፣ 10፣ 20 እና 30 በመቶ የሆኑ አራት መጠኖች ወስጄ አሰላሁ። ከታች ተነስቶ አራተኛው ላይ የመድረስ ዕድሉ 62.5 በመቶ ብቻ ሆነ። ከሦስት ሙከራ ከአንድ በላይ የሚሆነው የሚፈለገውን መጠን ሳይሞክረው ይቆማል ማለት ነው። እዚህ ሙከራ ውስጥ የሚገባው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሕክምና ያለቀበት ነው። በጣም አንገበገበኝ።

ከዚያ በኋላ ነው አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ሲአርኤምና ቦይን የሚባሉትን ሁለት ሌሎች ዲዛይኖች ጎን ለጎን ያስኬድኩት። በ1990 የወጣው ሲአርኤም በየታካሚው ውጤት ሞዴሉን እያደሰ ቀጣዩን መጠን ይመርጣል። በ2015 የታተመው ቦይን ግን ሙከራው ሳይጀመር ሠንጠረዡን አዘጋጅቶ ይሰጣል፦ ግቡ 30 በመቶ ሲሆን የተጎዱት ድርሻ ከ23.6 በመቶ ካልበለጠ መጠኑ ይጨመራል፣ 35.8 ከደረሰ ይቀነሳል፣ በመካከል ከሆነ እዚያው ይቆያል። ከስድስት ሁለት ቢጎዱ 33 በመቶ ነው፤ አሮጌው ሕግ «ጉዳቱ ከልክ አልፏል፣ አቁሙ» ሲል ቦይን «እዚሁ ቆይታችሁ ተጨማሪ ታካሚ እዩ» ይላል።

በትክክለኛነት ሁለቱ ተቀራረቡብኝ። ቦይንን የመረጥኩት ሐኪሞቹ ውሳኔውን ከአንድ ገጽ ላይ ራሳቸው አንብበው ሊሞግቱኝ ስለሚችሉ ነው፤ ይህ ለእኔ ከጥቂት መቶኛ ብልጫ ይበልጣል። የመነሻ ግምቶቹንም ከእነሱ ጋር ተቀምጬ አወጣኋቸው፤ የመጀመሪያው መጠን ራሱ መርዛማ ቢሆንስ የሚለውን ጨምሮ።

ግን የትኛውም ዲዛይን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ እነዚህ የሚጠየቁት ስለ ጉዳት እንጂ አነስ ያለው መጠን በቂ ስለመሆኑ አይደለም። የሳንባ ካንሰር መድኃኒቱ ሶቶራሲብ በ2021 በቀን 960 ሚሊግራም ሲፈቀድ፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ከ240 ሚሊግራም ጋር እንዲነጻጸር አዟል። ስለዚህ የእኛም ፕሮቶኮል ቦይን በመረጠው መጠን ላይ አያበቃም፤ እሱንና ከሥሩ ያለውን መጠን ታካሚዎችን በዕጣ መድቦ ያነጻጽራል።