ዩዘር ፖይንተር የነሳኝ የአራት ሌሊት እንቅልፍ

በሲ ቋንቋ ትንሽ የስዕል ፕሮግራም እየጻፍኩ ነበር። ለመስኮቶቹ ጂኤልኤፍደብሊው (GLFW) የተባለውን ላይብረሪ፣ ማለትም መስኮት የሚከፍት ዝግጁ ኮድ፣ መረጥኩ። ላይብረሪውን መጫን፣ መስኮት መክፈት፣ ለኪቦርድና ለማውስ ኮልባክ ማስመዝገብ ከአንድ ከሰዓት በኋላ አላለፈም።

ኮልባክ እናንተ ጽፋችሁት ላይብረሪው የሚጠራው ፈንክሽን ነው። የሚቀበላቸው ነገሮች አስቀድመው ተወስነዋል፤ የራሳችሁን ዳታ ጨምራችሁ ማስገባት አትችሉም። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ መስኮት አንድ ዩዘር ፖይንተር፣ ማለትም የሜሞሪ አድራሻ የምታስቀምጡበት ቦታ፣ አለው። የስትራክታችሁን (የተለያዩ ዳታዎችን በአንድ የሚይዘውን ጥቅል) አድራሻ እዚያ ታስቀምጣላችሁ፣ ኮልባኩ ውስጥ መልሳችሁ ታወጣላችሁ። ላይብረሪው ግን አድራሻውን ይይዛል እንጂ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንዳለ አይጠይቅም። ይህን አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ!

የመስኮቶቹን ስትራክቶች በአንድ አሬይ (ጎን ለጎን በተያያዘ የሜሞሪ ቦታ) ደርድሬ ነበር። መጀመሪያ ለሁለት የሚሆን ቦታ ያዝኩ፣ ሲሞላ የተያዘ ሜሞሪን በሚያሰፋው ፈንክሽን፣ በሪአሎክ፣ አሰፋዋለሁ ብዬ። በሁለት መስኮት ሰላም ነው። ሦስተኛውን ከፍቼ ወደ መጀመሪያው ተመልሼ ማውሱን ሳንቀሳቅስ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ደግሞ ሁልጊዜ አይደለም፤ አንዳንድ ቀን ምንም ሳይል ሲሠራ ይውላል፣ እኔም ተስተካከለ ብዬ እተኛለሁ፣ በነጋታው ያው ነው። ጥፋቱን ግራፊክስ ድራይቨሩ ላይ ላከክኩ። አራገፍኩት፣ እንደገና ጫንኩት፣ የቆየ ቨርዥን ሞከርኩ። አራት ሌሊት! የገዛ ኮዴን መጠርጠር ነበረብኝ፣ እስካሁን ያናድደኛል።

በመጨረሻ የሜሞሪ ስህተት የሚይዘውን መሣሪያ፣ አድረስ ሳኒታይዘርን፣ አብርቼ ኮምፓይል አደረግኩ። በመጀመሪያው ሙከራ የተለቀቀ ሜሞሪ እያነበብኩ እንደሆነ ከነመስመር ቁጥሩ አሳየኝ። ሪአሎክ አሬዩን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮታል፣ ዩዘር ፖይንተሮቹ ግን የድሮውን አድራሻ እንደያዙ ቀርተዋል።

አሁን እያንዳንዱን ስትራክት ለየብቻው በማሎክ (አዲስ ሜሞሪ በሚይዘው ፈንክሽን) እይዛለሁ፤ አሬዩ ውስጥ የሚቀመጡት ፖይንተሮች ብቻ ናቸው። ዩዘር ፖይንተሩን ከኮልባኮቹ በፊት አስቀምጡ። ስትራክቱን የምትለቁት መስኮቱ ከጠፋ በኋላ ይሁን፤ መስኮቱን ደግሞ ኮልባክ ውስጥ ሆናችሁ አታጥፉ፣ አይፈቀድም።

በአንድ ነገር ግን ከላይብረሪው መመሪያ ጋር አልስማማም። ቪውፖርቱን (በመስኮቱ ውስጥ ስዕሉ የሚወጣበትን ክልል) መጠን ሲቀየር በሚጠራው ኮልባክ ውስጥ እዚያው የሚያስተካክል ምሳሌ ይሰጣል። ለአንድ መስኮት ይሠራል። መስኮቱ ሲበዛ ግን በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ያለው ኮንቴክስት፣ ማለትም የግራፊክስ ሁኔታ መያዣው፣ የሌላ መስኮት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ የማይመለከተውን ታበላሻላችሁ። እኔ ስፋቱንና ቁመቱን ስትራክቱ ላይ ጽፌ እወጣለሁ። ቪውፖርቱን ዋናው ሉፕ የዚያን መስኮት ተራ ሲያደርስ ያስተካክለዋል።