የልጆችን አንጎልና ኅብለ ሰረሰር በአንድ ማደንዘዣ መመርመር
ፔትን (የተወጋ ጨረር አመንጪ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የት እንደተከማቸ የሚያሳየውን ምርመራ) እና ኤምአርአይን (በማግኔት የሚነሳውን የአካል ምስል) ባጣመረ መሣሪያ የልጆችን አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ሳነሳ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የማሰላው ሰዓቱን ነው። ትንሽ ልጅ ሳይንቀሳቀስ ረጅም ጊዜ መተኛት ስለማይችል ብዙውን ጊዜ ማደንዘዣ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱ ምርመራዎች በተለያየ ቀን ከተደረጉ ማደንዘዣውም ሁለት ጊዜ ይሆናል። ሲጣመሩ ግን ሁለተኛው ማደንዘዣ አያስፈልግም፤ ፔት እንደተለመደው ከሲቲ ስካን ጋር ሲጣመር የሚጨመረው የሲቲ ጨረርም አይኖርም። የዝግጅቱን ድካም ሁሉ የምቀበለው ለዚህ ስል ነው።

የፔት ምስል በዋናነት የሚያሳየው ኤፍዲጂ የተባለው ስኳር መሰል መድኃኒት ከተወጋ በኋላ ባሉት 30 ያህል ደቂቃዎች አንጎሉ የነበረበትን ሁኔታ ነው። ስለዚህ የደሙን ስኳር ለክቼ መድኃኒቱን የምሰጠው ልጁ ነቅቶ ሳለ፣ ጸጥ ባለና ብርሃኑ በደበዘዘ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ማደንዘዣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በመድኃኒቱ ላይ ያለው ጨረር አመንጪ ፍሎሪን 18 በየ110 ደቂቃው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር ሰዓቱን አስቀድሞ መስማማት ግድ ነው።

የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ በዚህ የመጠበቂያ ጊዜ የኢኢጂ (የአንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ) ክትትል እንዲደረግለት አጥብቄ እጠይቃለሁ። የበሽታው መነሻ የሆነው የአንጎል ክፍል፣ በሽታው ባልተነሳበት ሰዓት ከአካባቢው ያነሰ ስኳር ይጠቀማል፤ መድኃኒቱ በሚሠራጭበት ጊዜ በዓይን የማይለይ የበሽታ መነሳት ቢያጋጥም ግን ያው ክፍል ደምቆ ሊታይ፣ ጤነኛውም ወገን የታመመው መስሎ ሊነበብ ይችላል። በኤምአርአይ ብቻ እንከን የለሽ የሚመስለው የአንጎል ቅርፊት፣ ፔቱ ሲደረብበት ደግሜ የማየውን ስፍራ ይጠቁመኛል፤ ጥቃቅን የአፈጣጠር ጉድለቶችን ያገኘሁት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

ዕጢ ሲሆን ጉዳዩ ይለያል። ጤናማው አንጎል ራሱ ብዙ ስኳር ስለሚወስድ ዕጢው በኤፍዲጂ ሊደበቅ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ እንደ ኤፍኢቲ ያለውን አሚኖ አሲድ መሰል መድኃኒት እመርጣለሁ። ሜዱሎብላስቶማ የተባለው የልጆች አደገኛ የአንጎል ዕጢ በአንጎል ፈሳሽ ወደ ታች ሊሠራጭ ስለሚችል ኅብለ ሰረሰሩም አብሮ መታየት አለበት፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚቀር ደም የዕጢው ሥርጭት መስሎ ሊታይ ስለሚችልም፣ ከተቻለ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንዲነሳ እመክራለሁ።

ከመድኃኒቱ የሚወጣውን ጨረር አጥንት በከፊል ስለሚያስቀረው የፔቱ ምስል በስሌት መስተካከል አለበት፤ ኤምአርአይ ግን አጥንት ጨረሩን ምን ያህል እንደሚያስቀር በቀጥታ አይለካም፤ ከአዋቂ የራስ ቅል የተወሰደ ማስተካከያም ለልጅ ስስ የራስ ቅል አይስማማም። ስለዚህ ያልተስተካከለውንም ምስል ሁልጊዜ እመለከታለሁ፤ የመድኃኒቱን ክምችት የሚገልጹትን ቁጥሮች ከሌላ መሣሪያ ውጤት ጋር በቀጥታ አላነጻጽርም፤ ቀጣዩ ክትትልም በዚያው መሣሪያ እንዲደረግ በሪፖርቱ ላይ እጽፋለሁ።