ስድስት ኪሎ ሜትር በሱሉልታ

ዛሬ ከወለድኩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እርምጃ ሠራሁ፤ ሳይሮጡ በፍጥነት በመሄድ የሚወዳደሩበትን ስፖርት ማለቴ ነው። ልጄ ሰባት ወሯን ይዛለች። እማዬ "ሂጂ፣ እኔ አለሁ" አለችኝ። አጥብቻት፣ ሻርፕ ጠምጥሜ ወጣሁ። የሱሉልታ ሜዳ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ሯጮቹ በቡድን በቡድን እያለፉኝ ይሄዳሉ፤ ትንፋሻቸው እንደ ጭስ ይታያል።

ስድስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሠራሁት። ድሮ ለእኔ ይሄ ማሟሟቂያ ነበር። አራተኛው ላይ ስደርስ ዳሌዬ ከበደኝ። እርምጃ ደግሞ የዳሌ ሥራ ነው። የፊት እግርሽ መሬት ከነካ ጀምሮ ሰውነትሽ በላዩ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ጉልበትሽ አይታጠፍም። ሁለቱ እግሮችሽ አንድ ላይ ከመሬት ተነስተው ለዳኛ ዓይን ከታዩም ጥፋት ነው። ስለዚህ እርምጃውን የሚያረዝምልሽ ዳሌሽ ነው። ሰው የሚስቅብንም በዚሁ ነው። ስጀምር የሰፈር ልጆች እየተከተሉ ያስመስሉኝ ነበር። ስንት ቀን አልቅሼ ገብቻለሁ።

ዛሬ ግን አህያ የሚነዱ አንድ አባት አስቆሙኝ። "ልጄ፣ እንዲህ ከቸኮልሽ ለምን አትሮጪም?"

"መሮጥ ክልክል ነው አባባ።"

ትንሽ አሰቡና "እግዜር ያበርታሽ" ብለውኝ አለፉ።

እርጉዝ ሆኜ የቻይናዊቷን የእርምጃ ተወዳዳሪ የሊዩ ሆንግን ታሪክ እንደ ዳዊት ስደግም ነው የከረምኩት። ቤጂንግ፣ በፈረንጆቹ 2008፣ በገዛ አገሯ አራተኛ ወጣች። ለንደን 2012 ላይም አራተኛ። ሁለት ኦሎምፒክ ሙሉ ሜዳሊያው አጠገብ ደርሶ መመለስ! የለንደኑ በኋላ ተስተካክሏል፤ ቀድመዋት የገቡት ሁለት ሩሲያውያን በዶፒንግ ውጤታቸው ሲሰረዝ ወደ ብር ከፍ አለች። ግን በዕለቱ ባዶ እጇን ነው ወደ ቤቷ የገባችው። እኔ ብሆን እዚያ ላይ የማቆም ይመስለኛል።

እሷ አላቆመችም። በ2015 ስፔን ላ ኮሩኛ ላይ 20 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ38 ሴኮንድ ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። አንዱን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ከ14 ሴኮንድ ገደማ ማለት ነው፤ ያውም ሳትሮጥ። በ2016 ሪዮ ላይ ወርቁን ወሰደች። ሜክሲኳዊቷን የቀደመቻት በ2 ሴኮንድ ነው።

ከዚያ በ2017 ሴት ልጅ ወለደች። እኔ ደጋግሜ የምመለስበት እዚህ ጋ ነው። መጋቢት 2019 ላይ ሁዋንግሻን ከተማ 50 ኪሎ ሜትር ሄደች፤ 3 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ። ከ4 ሰዓት በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በዚያው ዓመት ዶሃ ላይ፣ ሙቀቱ ቀን አላስኬድ ብሎ ውድድሩ በእኩለ ሌሊት ሲደረግ፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2021ዱ የቶኪዮ ኦሎምፒክም ነሐስ አገኘች። ያኔ 34 ዓመቷ ነው።

ለእኛ ይሄ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። ደራርቱ ቱሉ አለችን። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ የሴቶች እርምጃም ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባው እዚያው ነው። ወልዳ ተመልሳ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ድጋሚ ወርቅ አመጣች። አገር ሙሉ በደስታ አልቅሷል። ያም ሆኖ የእኔ ሆድ መታየት ሲጀምር ስሜ ከክለቡ ዝርዝር ወጣ። ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም። ደመወዙ ዝም ብሎ ቀረ። አሰልጣኜ "በቃ ልጅሽን አሳድጊ" አለኝ። በደግነት እንዳለው አውቃለሁ፤ ግን "በቃ" የምትለዋ ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ከሊዩ ሆንግ ጋር ራሴን አላወዳድርም። ከኋላዋ ብሔራዊ ቡድን አለ። ከእኔ ኋላ ያለችው እማዬ ናት። ደግሞ ሊዩ ሆንግ ከወለደች በኋላ የመጀመሪያው ቀን ልምምዷ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ በጣም እፈልጋለሁ። እሷም አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዳሌዋ ከብዷት ይሆን?

ስመለስ እማዬ ልጄን አዝላ በር ላይ ቆማለች። "አሁን ገና ነው የነቃችው" አለችኝ። የጠዋቱን ሰዓቴን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ 38 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ። ሐሙስ እማዬ ገበያ አትወጣም። ስምንት ኪሎ ሜትር እሞክራለሁ።