ትራክተሮቹ መስመር የሳቱበት ዓርብ

ነብራስካ ውስጥ የእርሻ መሣሪያ የሚሸጥ ድርጅት ተቀጥሬ የትራክተር ጂፒኤስ ችግር ለገጠማቸው ደንበኞች በስልክ እረዳለሁ። ሜይ 10፣ 2024፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ፋታ አሳጣን። የበቆሎ መዝሪያ ወቅት ነው፤ ዝናብ ያዘገየው ገበሬ ሁሉ ማሳው ላይ ነበር። አቤቱታው ተመሳሳይ ነው፦ ትራክተሩ ራሱን መንዳት አቁሟል፣ ወይም እየነዳ ወደ ጎን ይስባል።

ቤዝ ስቴሽኑን፣ ማለትም ለትራክተሮቹ የጂፒኤስ ማረሚያ የሚልከውን ቋሚ ጣቢያ፣ ፈተሽን፤ መብራትም ኢንተርኔትም አለው። የተለያየ ስሪት ያላቸው ማሽኖች ደግሞ ባንዴ አይበላሹም። አለቃችን የጠፈር አየር ሁኔታ ትንበያውን ሲከፍት ነገሩ ተገለጠ፤ ከፀሐይ የመጣ መግነጢሳዊ ማዕበል ነው። በዚያው ዕለት የመግነጢሳዊ ማዕበል የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ የሆነው ጂ5 ላይ ደረሰ፤ ከኦክቶበር 2003 ወዲህ እዚያ ደረጃ የደረሰ አልነበረም።

የሳተላይቱ ሲግናል ከ20,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲወርድ አዮኖስፌር በሚባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የላይኛው የከባቢ አየር ንጣፍ ውስጥ ይዘገያል። ቤዝ ስቴሽኑ የቆመበትን ቦታ በትክክል ስለሚያውቅ ስህተቱን አስልቶ ማረሚያውን ለትራክተሩ ይልካል፤ ስህተቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ የሚዘራው በዚህ ነው። ያን ቀን ግን በማዕበሉ ምክንያት አዮኖስፌሩ ከቦታ ቦታ ስለተለያየ፣ ለቤዙ የሠራው ማረሚያ ራቅ ብሎ ለሚያርሰው ትራክተር አልሠራም።

አንድ አዛውንት ገበሬ ደውለው "በእጄ እየነዳሁ ልቀጥል?" አሉኝ። የእሳቸው መዝሪያ አሮጌ ነው፤ ለቀጣዩ ዙር አፈሩን እየጫረ ምልክት የሚተው ክንድ አለው። "ይቀጥሉ" አልኳቸው። ክንዱን ያስነቀሉትን ግን እንዲያቆሙ ነገርኳቸው። በቆሎ የሚዘራው በመስመርና በመስመር መካከል 76 ሴንቲ ሜትር ርቀት እየተተወ ነው፤ መስመሩ ከተዛባ በኋላ ማዳበሪያ ሲጨመር ጎማው ቡቃያውን ይጨፈልቀዋል።

"ስልካችን ይቃጠላል ወይ?" ያሉም ነበሩ። አይቃጠልም። ማዕበሉ አደገኛ ጅረት የሚፈጥረው ረጃጅም የኤሌክትሪክ መስመሮች ላይ ነው፤ በማርች 1989 ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ 6 ሚሊዮን ሰው ለ9 ሰዓት ያህል ጨለማ ውስጥ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። በ2024ቱ ግን ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ስለደረሰ የኃይል ተቋማቱ ተዘጋጅተው ጠበቁት፣ መብራትም አልጠፋም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፦ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ያውቃል፤ የተሳሳተ ቦታ ግን ስክሪን ላይ ትክክል መስሎ ይታያል።

ከዚያ ወዲህ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ለደንበኞች ቀድመን መልእክት እንልካለን። ከሽያጭ ክፍሉ ጋር ያለን ክርክር ግን አላለቀም፤ እነሱ ምልክት ማድረጊያውን ክንድ ትርፍ ወጪ ይሉታል፣ እኔ ደግሞ አዲስ መዝሪያ ለሚገዛ ሁሉ አብሮ ይሰጠው እላለሁ።