ኮረንቲው በርቶ አባባ ተኝተው ነበር

ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ሲያቅተው ቤተሰቡ ቶሎ የሚጠይቀኝ ስለ ማሽኑ ነው። "ያ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፈው ኮረንቲ እናንተ ጋ አለ?" ይሉኛል። አለ። የቻይና መርፌ፣ ማለትም አኩፓንቸር የሚሠሩ ሐኪሞችም እናውቃለን። ሁለቱንም አልንቅም። ሁለቱንም እያገኙ ጥሩ ለውጥ ያሳዩ ታካሚዎች አይቻለሁ። ግን "አለ" ብዬ አላቆምም። ወንበር ስቤ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ እላለሁ። ይህን ልማድ ያስያዙኝ አንድ አባት ናቸው።

የመዋጥ ችግር በምናክምበት ማእከላችን ሁላችንም "አባባ" ነበር የምንላቸው። ጡረታ የወጡ የረጅም መንገድ ሹፌር ናቸው። እኛ ጋ ሲመጡ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ ብሏል፣ ምላሳቸው ተሳስሯል፣ አፍንጫቸው ላይ የምግብ ቱቦ አለ። ልጃቸው እጄን እንደጨበጠችኝ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ አሳየችኝ። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ሲታከሙ የቀረጸችው ነው። አባባ በጀርባቸው ተንጋለዋል። አንገታቸው ላይ ኤሌክትሮዶች ተለጥፈዋል። ማሽኑ በርቷል። እሳቸው ደግሞ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ላይ ናቸው።

"በየቀኑ አንድ ሰዓት ሙሉ ነው የሚያደርጉላቸው" አለችኝ። ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። ከሥራ እያስፈቀደች፣ ያላትን እየከፈለች ያመላለሰቻቸው እሷ ናት።

"ከዚያ በኋላስ?" አልኳት።

"ከዚያማ ጉሮሯቸው ስለሚከፈት ትንሽ ሻይ እንሰጣቸዋለን።"

"ትን አይላቸውም?"

"ኧረ በፍጹም! አንድም ቀን አስሏቸው አያውቅም።"

የአለመሳላቸው ወሬ ነው ያስደነገጠኝ። አባባን "አአአ በሉልኝ" አልኳቸው። ድምፃቸው ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ይንጎረጎራል። ትንፋሻቸው ፈጠን ያለ ነው። ሰውነታቸው ይሞቃል። የጣት መለኪያው ላይ ኦክስጅናቸው ዝቅ ብሏል። የዚያን ዕለት ማሽን አላስነሳሁም። ሐኪማችን ደረታቸውን አዳምጦ ወዲያው ሆስፒታል ላካቸው። የሳንባ ምች ነበር።

የስትሮክ ታካሚ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል። ምግብ ወይም መጠጥ በተሳሳተ መንገድ ወደ አየር ቧንቧ ሲገባ ጤነኛ ሰው ያስለዋል፣ ዓይኑ ያነባል። ስትሮክ ግን ጉሮሮ የሚሰማውን ስሜት ሊያደነዝዝ ይችላል። ያን ጊዜ ሻዩ ያለ አንዳች ሳል ወደ ሳንባ ይወርዳል። ሰውየው ፈገግ እንዳለ ነው። ቤተሰቡም "ጎሽ፣ ዋጡት" ይላል። ምልክቱ የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ የረጠበ ድምፅ፣ ከምግብ በኋላ የሚፈጥን ትንፋሽ፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ትኩሳት። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመዋጥ ችግር ይገጥማቸዋል። ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል። የማይሻላቸውን በብርቱ የሚያስፈራራቸው ይሄው የሳንባ ምች ነው።

አባባ ምቹን ታክመው ሲመለሱ ልጃቸው ተከፍታ ነበር። "ታዲያ ያ ሁሉ ኮረንቲ ምን ሠራ?" አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው።

ማሽኑ በቆዳ ላይ በተለጠፉ ትናንሽ ኤሌክትሮዶች አማካይነት ቀላል ኮረንቲ ይልካል፣ ከሥሩ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል። ከእነዚህ መሣሪያዎች በጣም የታወቀው ቫይታልስቲም ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ፈቃድ አግኝቷል። በሴኮንድ 80 ጊዜ ይመታል፣ ጉልበቱ እስከ 25 ሚሊአምፒር ይሄዳል። አሁን እጃችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጋችሁ ምራቃችሁን ዋጡ። ማንቁርቱ ወደ ላይና ወደ ፊት ዘለል ይላል። የአየር ቧንቧው እንዲዘጋ የሚያደርገው ይህ ዝላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት የመዋጥ ችግራቸው የቆየ ሰዎችን ወስዶ፣ ምንም ሳይውጡ ኮረንቲው አንገታቸው ላይ ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን በኤክስሬይ አየ። ማንቁርትን ያንጠለጠለው አጥንት ወረደ። አልወጣም፣ ወረደ። ከማንቁርት በታች ያሉት ጡንቻዎች ሥራቸው ወደ ታች መጎተት ነውና።

እንግዲህ ታካሚው ነቅቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ኮረንቲው ወደ ታች ሲስበው እሱ ታግሎ ወደ ላይ ከዋጠ ጡንቻው ይሠለጥናል። አንጎሉም ይማራል። የመዋጥ ትእዛዝ ከሁለቱም የአንጎል ጎን ይመጣል፤ አንዱ ሲጎዳ ያልተጎዳው ጎን ሥራውን ቀስ በቀስ ይረከባል። ይህ የሚሆነው ደጋግሞ በመዋጥ ነው። ተኝቶ የሚያሳልፈው ሰው አንገቱ ይነዘራል እንጂ መዋጥን አይለማመድም። ከዚያ ተነስቶ ሻይ ሲጠጣ ጉሮሮው ትናንት የነበረው ጉሮሮ ነው።

ልጃቸው ዝም ብላ ካዳመጠችኝ በኋላ "ይህን ማንም አልነገረኝም" አለችኝ። የሥራችን ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማሽን መለጠፍ በአጭር ሥልጠና ይለመዳል። ለምን እንደሚለጠፍ ለቤተሰብ ማስረዳት ግን ማንም ደረሰኝ የማይቆርጥለት ሥራ ስለሆነ ይዘለላል።

ከዚያ በኋላ እንደገና ጀመርን። አባባ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ አፋቸው ይጸዳል፤ ጥርስ፣ ድድ፣ ምላስ፣ የጉንጭ ውስጥ። (ቱቦ የገባለት ሰው አፉ ንጹህ ይመስለናል። ምንም ሳያኝክ የሚውለው አፍ ነው ቶሎ የሚቆሽሸው። ያ ምራቅ ሌሊት ወደ ሳንባ ይወርዳል።) ኤሌክትሮዶቹን ስለጥፍ አንገት ጎንና ጎን የሚመታውን ትልቁን የደም ሥር አልነካም። ልባቸው ላይ የተተከለ መሣሪያ አለመኖሩንም አስቀድመን አረጋግጠናል። ኮረንቲው ሲገባ "አሁን ጠንከር አድርገው ይዋጡ" እላቸዋለሁ። ማንቁርታቸው ከፍ ሲል ለሁለት ሴኮንድ እዚያው እንዲያቆዩት አለማምዳቸዋለሁ። ከባድ ነው። ያልባቸዋል። እንቅልፍ ሲያሸልባቸው ማሽኑን አጠፋለሁ። ግማሽ ሰዓት ነቅቶ መሥራት ይበልጣል።

የቻይና መርፌውም መጣ። ልጃቸው በጎረቤት ጥቆማ አንድ ሐኪም አግኝታ ነበርና ፈቃዴን ጠየቀችኝ። እኔ ፈቃድ ሰጪ አይደለሁም፤ ወደ ሐኪማችን ወሰድኳት። አባባ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ስለሚወስዱ መርፌ የሚያደርግላቸው ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት። አኩፓንቸሪስቱን ደወልኩለት። በጨዋነት ነው ያናገረኝ። ለመዋጥ ችግር ከሚጠቀሙባቸው ነጥቦች አንዱ ሊያንጩዋን የሚባለው፣ ከማንቁርት በላይ መሐል ላይ ያለው ነው። ፌንግቺ የሚባሉት ደግሞ ማጅራት ላይ፣ ከራስ ቅል ሥር ግራና ቀኝ ናቸው። አንዳንዴ መርፌዎቹ ላይ ቀላል ኮረንቲ ያገናኙበታል። መርፌ ተሰክቶ ምንም ነገር እንዳይቀምሱ፣ መርፌው ሲወጣ ግን ወዲያው የመዋጥ ልምምድ እንዲሠሩ ተስማማን።

ይረዳል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 41 ጥናቶችን፣ 2660 ሰዎችን አንድ ላይ አይቷል። የመዋጥ ሕክምናዎች፣ አኩፓንቸርን ጨምሮ፣ ችግሩን የሚቀንሱና የሆስፒታል ቆይታን የሚያሳጥሩ መስለዋል። ሞትን ወይም የሌላ ሰው እርዳታ መፈለግን ግን መቀነሳቸው አልታየም። የማስረጃው ጥራትም ከመካከለኛ እስከ ዝቅተኛ ነው። ለልጃቸው ይህንኑ ነገርኳት። ተስፋ የሚደረግበት ነገር ነው፤ ቤት የሚሸጥበት ነገር ግን አይደለም።

ከሁሉም ብዙ ጊዜ የወሰደብን ምግቡ ነው። በዚህ ችግር ጊዜ አስቸጋሪው እንደ ውሃ፣ ሻይና ቡና ያለ ቀጭን ነገር ነው፤ የደከመ ጉሮሮ ሳይደርስበት ሾልኮ ይገባል። ወፈር ያለ ነገር ቀስ ይላል። አጥሚት ደረሰልን። ችግሩ፣ የአጥሚት ውፍረት እንደ ሠሪዋ ይለያያል። ስለዚህ በ10 ሚሊ ስሪንጅ መለካት ጀመርን። ከ0 እስከ 10 ያለው መስመር 61.5 ሚሊሜትር የሆነውን ስሪንጅ ትመርጣላችሁ። መግፊያውን ታወጣላችሁ፣ ጫፉን በጣት ትደፍናላችሁ፣ አጥሚቱን እስከ 10 ትሞላላችሁ። ጣታችሁን አንስታችሁ 10 ሴኮንድ ትቆጥራላችሁ። ውሃ ቢሆን ምንም አይቀርም ማለት ይቻላል። ከ4 እስከ 8 ሚሊ ከቀረ ደረጃ 2፣ ከ8 በላይ ቀርቶ ትንሽ ብቻ ከወረደ ደረጃ 3 ይባላል። ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው፤ የሚፈልገው መድኃኒት ቤት የሚሸጥ አንድ ስሪንጅ ነው። መለካት ያለበት በሚጠጣበት ሙቀት ነው፣ ምክንያቱም አጥሚት ሲበርድ ይወፍራል። ጓል እንዳይኖረው በወንፊት ይጠለላል። አባባ በደረጃ 3 ጀመሩ፣ በሻይ ማንኪያ።

ገንፎ ይሻላል ያሉ ዘመዶች ነበሩ። ገንፎ ይጣበቃል፤ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ፍትፍትም ለስላሳ ቢመስልም መረቁ ቀድሞ ይወርዳል፣ እንጀራው ኋላ ይቀራል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መቆጣጠር ለደከመ ጉሮሮ ይከብዳል።

የጠበሉም ጉዳይ ነበር። የአባባ ታላቅ እህት በየጠዋቱ ጠበል ይዘው ይመጣሉ። ማንም ደፍሮ "አይጠጡ" ሊላቸው አልቻለም። እኔም አላልኳቸውም። "እትዬ፣ ንስሐ አባታቸውን እንጠይቃቸው?" አልኳቸው። ካህኑ መጥተው የሆነውን ሰሙ። መረጨቱ እንደሚበቃ፣ ሲድኑ እንደሚጠጡ ነገሯቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ጠበሉን ግንባራቸውና ደረታቸው ላይ ይረጩላቸዋል። አባባ ተንጋለው እንዳይበሉ የሚጠብቁትም እሳቸው ሆኑ። እንግዳ ማንኪያ ሲያነሳ "ቀና አድርጓቸው!" ይላሉ።

ገንዘቡ ሲያጥር ልጃቸው "የቱን ልተው?" ብላ ጠየቀችኝ። መርፌውን፣ አልኳት። ከዚያም ካልበቃ ማሽኑን። አፍ ማጽዳቱን፣ ቀጥ ብሎ መቀመጡንና በየቀኑ የሚሠራውን የመዋጥ ልምምድ ግን አትንኪ። መርፌውን ተወች። ማሽኑን እስከ መጨረሻው አቆየነው።

አባባ ቤታቸው ሲገቡ ቱቦው ወጥቶላቸው ነበር። ደረጃ 2 አጥሚት በኩባያ ይጠጣሉ፣ የተፈጨ ሽሮና የተፈጨ አትክልት ይበላሉ። ቀጭን ነገር ገና ነው። በምግብ መሐል ሳይሆን ከምግብ ውጪ፣ አፋቸው ከጸዳ በኋላ፣ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ ውሃ በማንኪያ ይሞክራሉ። ቡናውን ደጋግመው ጠይቀውኛል። ቀጣዩ ቀጠሯችን ላይ፣ ድምፃቸው ደረቅ ከሆነና ደረታቸው ንጹህ ከሆነ፣ በወፈረ ቡና እንጀምራለን ብያቸዋለሁ።